ማይክል ፋራዳይ፦ ሳይንስን በአንዲት ሻማ ያስተማረው የቀጥቃጭ ልጅ

አማኑኤልም ሆነ ደብረ ማርቆስ መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ያው ነው። አንዱ በስልኩ መብራት ክብሪት ይፈልጋል፣ ሌላው መሳቢያ ይበረብራል፣ ሻማ ከጠፋ ጧፍ ይለኮሳል። ከአምፖል ወደ ሻማ ስንዞር ግን አንድ ነገር ልብ አንልም፤ ሁለቱም ወደ አንድ ሰው ይወስዱናል። ጢስ ዓባይም ይሁን ጣና በለስ ወይም ህዳሴ ግድብ፣ ጄነሬተር ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ የሚፈጠርበትን ሕግ በ1831 ያገኘው እሱ ነው። ሻማ ስትነድ ምን እንደሚካሄድ ሕፃናት እንኳ እንዲገባቸው አድርጎ ያስረዳውም እሱ ነው።

ማይክል ፋራዳይ ይባላል። ዛሬ ስለ ሕይወቱ እናወጋችኋለን። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋራዳይ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ዛሬ የለንደን ከተማ አካል በሆነው ኒዊንግተን በተባለ ሰፈር ተወለደ። አባቱ ጄምስ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ እናቱ ማርጋሬት ትባላለች። ማይክል ከአራት ልጆች ሦስተኛው ነው። አባትየው በሽተኛ ስለነበር ቀኑን ሙሉ መሥራት የማይችልበት ጊዜ ብዙ ነበር። በ1801 የእህል ዋጋ ሲንር ቤተሰቡ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለነበረው ማይክል አንድ ዳቦ ይሰጠውና ሳምንቱን በእሷ እንዲገፋ ይደረግ ነበር።

በእኛ አገር ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ በገዛ ሙያቸው ሲናቁ እንደኖሩ የማያውቅ የለም። ገበሬው ማረሻውን የሚያበጅለትን ሰው በክፉ ስም ሲጠራው ኖሯል። ለንደን ውስጥ ንቀቱ በዚህ መልክ ባይሆንም ድህነቱ ግን ያው ድህነት ነው። የቀጥቃጭ ልጅ አድጎ ሳይንቲስት ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። የማይክል የትምህርት ቤት ዕውቀትም ማንበብ፣ መጻፍና ትንሽ ሒሳብ ላይ ቆመ።

በ1804 ጆርጅ ሪቦ የተባለ ፈረንሳዊ መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ዘንድ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ጋዜጣ ለደንበኛ ያደርሳል፣ የተነበበውን ደግሞ ይሰበስባል። ሰውየው የልጁን ትጋት አይቶ በቀጣዩ ዓመት ያለ ምንም ክፍያ የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ ሊያስተምረው ተቀበለው። ለሰባት ዓመት ወረቀት ሰፋ፣ ቆዳ ለበጠ፤ በእኛ አገር ብራና ደጓሽ እንደሚሠራው ማለት ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሌላው ጠራዥ መጽሐፉን ጠርዞ ያስረክባል፤ ፋራዳይ ግን ማታ ማታ ያነበዋል። ሁለት ነገሮች ሕይወቱን ቀየሩት። አንደኛው ለጥረዛ በመጣ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ ያገኘው ስለ ኤሌክትሪክ የሚያወራ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ለጀማሪዎች በጭውውት መልክ የጻፈችው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ነው። ደግሞም አንብቦ ዝም አላለም። ካለችው ሳንቲም ላይ እየቆጠበ ዕቃ እየገዛ፣ መጽሐፉ ያለው እውነት መሆኑን በገዛ እጁ ይሞክር ነበር። ማርሴትን እስከ ዕድሜው መጨረሻ እንደ መምህሩ አከብሯታል።

ከተማው ውስጥ በሚሰጥ የሳይንስ ትምህርት ላይ ለመገኘት በአንድ ምሽት አንድ ሺሊንግ ይከፈል ነበር። ሺሊንጉን የከፈለለት ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነው፤ ሮበርትም እንደ አባቱ ቀጥቃጭ ነበር። እንግዲህ የዓለምን ታሪክ ለቀየረው ሰው የመጀመሪያውን የትምህርት ክፍያ የከፈለው ከመዶሻና ከወናፍ የተገኘ ገንዘብ ነው።

በ1812 አንድ የመጽሐፍ ቤቱ ደንበኛ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚያስተምረውን የሰር ሃምፍሪ ዴቪን ንግግር እንዲሰማ የመግቢያ ካርድ ሰጠው። ዴቪ የዘመኑ ስመ ጥር ኬሚስት ነበር። ፋራዳይ አራት ንግግሮች ሰማ፣ እያንዳንዱን ጻፈ፣ መሣሪያዎቹን በሥዕል ነደፈ፣ በመጨረሻም ሁሉንም አንድ ላይ ጠርዞ ለራሱ ለዴቪ ላከለት። የጥረዛ ሙያው እዚህ ላይ በጀው። መጀመሪያ ክፍት ቦታ አልነበረም። በ1813 መጀመሪያ ግን የላቦራቶሪው ረዳት ተደባድቦ ተባረረ፤ ፋራዳይም በማርች ወር ቦታውን ያዘ። ገና 21 ዓመቱ ነበር። ከሳምንታዊ ደመወዙ ሌላ ጣሪያው ሥር ሁለት ክፍል፣ ማሞቂያ ከሰልና ሻማ እንዲሰጠው ተስማሙ። አዎ፣ ሻማ የደመወዙ አካል ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ከዴቪና ከባለቤቱ ጋር አውሮፓን ለመዞር ወጣ። የዴቪ ሚስት እንደ አሽከር ስለምታየው ጉዞውን አቋርጦ ለመመለስ እስኪያስብ ድረስ ተንገሸገሸ። ሆኖም ቻለው። በ1814 ጣሊያን አገር ፍሎረንስ ከተማ ሲደርሱ አንድ ድንቅ ነገር አዩ። የቱስካኒው መስፍን ትልቅ ሌንስ ነበረው። የፀሐይን ጨረር በሌንሱ ሰብስበው ኦክሲጅን በተሞላ ብልቃጥ ውስጥ ባስቀመጡት አልማዝ ላይ ጣሉት። አልማዙ ነደደ። ተቃጥሎ ሲያልቅ የተገኘው ጋዝ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። አልማዝም ከሰልም፣ ድስት ቂጥ ላይ የሚለጠፈው ጥላሸትም፣ መሠረታቸው ካርቦን ነው።

በ1815 ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ ሥራቸው አሁንም ከእሳት ጋር ሆነ። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ብርሃን ለማግኘት ሻማ ይዘው ይወርዳሉ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጋዝ ደግሞ በዚያ እሳት እየፈነዳ ይፈጃቸዋል። ዴቪ ነበልባሉን በቀጭን የሽቦ ወንፊት የከበበ ፋኖስ ሠራ። ሽቦው ሙቀቱን ስለሚበትነው እሳቱ ወደ ውጭው ጋዝ አይሻገርም። በዚህ ሥራ ፋራዳይ ረዳቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የግኝት ዘመን ነው። በ1821 ሣራ ባርናርድን አገባ፤ ልጅ አልወለዱም እንጂ እስከ ዕለተ ሞቱ በፍቅር ኖሩ። በዚያው ዓመት በኤሌክትሪክና በማግኔት ሽቦ እንዲሽከረከር አደረገ፤ የዛሬው ሞተር አያት ይህ ነው። በ1825 ለመብራት ከሚውል የዘይት ጋዝ ዝቃጭ ውስጥ ቤንዚን የተባለውን ኬሚካል ለይቶ አወጣ፤ መኪና ከምንሞላው ቤንዚን ጋር ስሙ ይመሳሰል እንጂ አንድ አይደለም። ኦገስት 29 ቀን 1831 ደግሞ በብረት ቀለበት ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅል ጠምጥሞ፣ በአንዱ ኤሌክትሪክ ሲለቅና ሲያቋርጥ በሌላው ላይ ኤሌክትሪክ ሲፈጠር አየ። ጥቂት ቆይቶም በሽቦ ጥቅል ውስጥ ማግኔት ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በማንቀሳቀስ ብቻ ኤሌክትሪክ አገኘ። ዓባይ ተርባይን ሲያሽከረክር የሚሆነውም ይኸው ነው፤ መጠኑ ገዘፈ እንጂ።

እንዲህ ያለ ሰው ወደ ሻማ ምን ይመልሰዋል? የመለሰው ሥራው ነው። ከ1836 ጀምሮ የባሕር ዳርቻ መብራት ማማዎችን የሚያስተዳድረው ድርጅት አማካሪ ሆነ። በማማዎቹ ውስጥ ዘይት ሌሊቱን ሙሉ ይነዳል። በብርድ ጊዜ የመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ውሃ ያወርዳል፣ ውሃው በረዶ ይሆናል፣ ብርሃኑ ይጋረዳል፤ መርከበኛው ደግሞ መብራቱን ካላየ ዓለት ላይ ይወጣል። ውሃው ከየት መጣ? ከውጭ የገባ ዝናብ አልነበረም። ከራሱ ከእሳቱ ነው የመጣው። ፋራዳይ የሚነደው ነገር የሚያወጣውን እንፋሎትና ጋዝ ሰብስቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ የጭስ ቧንቧ ሠራ። የፈጠራ መብቱንም ለራሱ አላስቀረም፤ ያን ሺሊንግ ለከፈለለት ወንድሙ ለሮበርት ሰጠው።

በ1844 ሃስዌል በሚባል የከሰል ማዕድን ፍንዳታ ደርሶ 95 ጎልማሶችና ልጆች አለቁ። መንግሥት ፋራዳይንና የሥነ ምድር ሊቁን ቻርልስ ላይልን ለምርመራ ላከ። ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ሳለ ፋራዳይ የአየሩን ፍጥነት በምን እንደሚለኩ ጠየቀ። አንዱ ሠራተኛ ቆንጠር አድርጎ ባሩድ አነሳና በሻማ ነበልባል ላይ በተነው፤ ሌላው ጭሱ የተወሰነ ርቀት እስኪሄድ ሰዓት ያዘ። ፋራዳይ በሻማ አጠገብ ባሩድ መኖሩ ደንቆት የቀረውን የት እንደሚያስቀምጡት ጠየቀ። በደንብ በታሰረ ከረጢት ውስጥ ነው አሉት። ከረጢቱስ የት ነው ሲላቸው፣ እንግዳ አክብረው መቀመጫ ይሁነው ብለው የሰጡት እሱ ራሱ የተቀመጠበት ነገር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ እንዴት ተስፈንጥሮ እንደተነሳ አስቡት።

አሁን ወደ ሻማው እንምጣ። ሮያል ኢንስቲትዩሽን በገና ሰሞን ለልጆችና ለወጣቶች የሳይንስ ትምህርት ያዘጋጃል። ፋራዳይ ከ1827 ጀምሮ 19 ጊዜ አስተምሮበታል። በ1848 ስለ ሻማ አስተማረ፤ ከ1860 መጨረሻ እስከ 1861 መጀመሪያ ደግሞ ይህንኑ ርዕስ በስድስት ክፍለ ጊዜ ደገመው። በእኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ የነገሡበት ዘመን ነው፤ ደብረ ማርቆስም ገና መንቆረር ነበረች። ፋራዳይ ያኔ ወደ 70 ዓመቱ ተጠግቶ ነበር፣ የማስታወስ ችሎታውም ደክሟል። የመጨረሻው የገና ትምህርቱም ይህ ሆነ። ዊልያም ክሩክስ የተባለ ሳይንቲስት ትምህርቱን አዘጋጅቶ በመጽሐፍ አወጣው፤ መጽሐፉም እስከ ዛሬ ይታተማል።

ያስተማረውን ነገር በእኛው ጧፍ እንየው። ከማር የተረፈው ሰፈፍ ቀልጦ ይጣራና ሰም ይሆናል፤ ፈትል በሰሙ ይነከራል፤ ጧፍ ይሆናል። ስትለኩሰው የሚነደው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ክሩ ነው ይላል። ክሩ ብቻ ቢሆን በደቂቃ ውስጥ አመድ በሆነ ነበር። ሰሙ ነው የሚባለውም ግማሽ መልስ ነው፤ ደረቅ ሰም ላይ ክብሪት ብታስጠጋ ይቀልጣል እንጂ እንደ ጧፍ አይነድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነበልባሉ ሙቀት ሰሙን ያቀልጠዋል፤ የንብ ሰም በ60ዎቹ ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጀመሪያ ላይ ይቀልጣል። የቀለጠውን ክሩ ወደ ላይ ይስበዋል፤ የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው ማለት ነው። ከላይ ሙቀቱ ስለሚበረታ ፈሳሹ ተንኖ ጋዝ ይሆናል። የሚነደው ይህ ጋዝ ነው። ጧፍ እፍ ብለህ ስታጠፋ የሚወጣው ነጭ ጭስና ሽታ ያልነደደው የሰም ተን ነው። ወዲያው የሚነድ ክብሪት ብታስጠጋበት እሳቱ ክሩን ሳይነካ በጭሱ ላይ ተንሸራቶ ወርዶ ጧፉን ይለኩሰዋል። ፋራዳይ ይህን ልጆቹ ፊት አሳየ። ከዚያም ቀጭን የመስታወት ቱቦ በነበልባሉ መሐል ወዳለው ጥቁር ቦታ አስገብቶ ተኑን በሌላኛው ጫፍ አውጥቶ ለኮሰው። አንድ ሻማ በሁለት ቦታ ነደደች።

ብርሃኑስ? ሰም የተሠራው በዋናነት ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ነው። በነበልባሉ ውስጥ አየር እንደልብ አይገባም፤ ስለዚህ ካርቦኑ መጀመሪያ በደቃቁ ጥላሸት ይሆናል። ያ ጥላሸት ከ1000 ዲግሪ በላይ ግሎ፣ ወናፍ እንደተነፋበት ብረት ቢጫ ሆኖ ያበራል። ጠርዙ ላይ ሲደርስ ኦክሲጅን አግኝቶ ይነድና ይጠፋል። ነበልባሉ ላይ ቀዝቃዛ ማንኪያ ብታስገባ ጥላሸቱ ሳይነድ ማንኪያው ላይ ይለጠፋል። በአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ለዘመናት የሚከማቸው ጥቁረትም አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። ስለዚህ ጧፍ የሚያበራልን ጥላሸት ነው፤ በትክክል ከነደደ ጥላሸቱን አናየውም። የጎጃም የቅኔ ተማሪ ሰምና ወርቅ መለየት ያውቃል፤ እዚህ ግን ወርቁ ራሱ ሰሙ ውስጥ የተደበቀ ከሰል ነው።

ሰሙ ሲያልቅ የት ሄደ? አልጠፋም። ሃይድሮጅኑ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ውሃ ሆነ፤ በማማዎቹ መስታወት ላይ ያስቸገረው ውሃ ማለት ነው። ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነ። ሁለቱን ብንሰበስባቸው ክብደታቸው ከነደደው ሰም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ኦክሲጅን ተጨምሯል። ፋራዳይ የሻማውን ጋዝ በጠራ የኖራ ውሃ ውስጥ አሳለፈው፤ ውሃው እንደ ወተት ነጣ። ቀጥሎ በገዛ ትንፋሹ ተነፈሰበት፤ አሁንም ነጣ። ሰውም የሚበላውን በአየር እያቃጠለ የሚኖር ዘገምተኛ ሻማ ነው ማለት ነው። በእሱ ስሌት አንድ ሰው በቀን 200 ግራም ገደማ ካርቦን በትንፋሹ ያወጣል፤ ዕፀዋት ደግሞ ያንን መልሰው ምግባቸው ያደርጉታል።

እዚህ ላይ ወግ ብቻ ያልሆነ ነገር አለ። ሻማ በብርጭቆ ሲደፈን የሚጠፋው ኦክሲጅኑ ሲያንሰው ነው። ከሰል ግን በአየር እጥረት ቶሎ አይጠፋም፤ እየከሰመ ይቆያል። ያኔ ካርቦኑ ሙሉ በሙሉ ሳይነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። በማዕድን ፍንዳታ ከእሳቱ ያመለጡትን የሚገድላቸው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል፤ ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ በዚያው ሊቀር ይችላል። በአገራችን በክረምት ብርድ የከሰል ማንደጃ ቤት አስገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ብዙዎች ናቸው። ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል ማለት አደጋው አልቋል ማለት አይደለም። የደጋ ሰው ሆይ፣ ማንደጃ ይዘህ አትተኛ። ቤት ውስጥ ካነደድክ መስኮት ክፈት፤ ከመተኛትህ በፊት ማንደጃውን ከቤት አውጣው።

ፋራዳይ ሀብት ማካበት የሚችል ሰው ነበር፤ አልፈለገውም። ጥልቅ ሃይማኖተኛ ነበርና ኑሮውን ቀላል አደረገ። የሰርነት ማዕረግ እንዳይሰጠው አለ። የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሁን ሲባል ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። በ1858 ንግሥት ቪክቶሪያ ሃምፕተን ኮርት ላይ መጦሪያ ቤት ሰጠችው። ኦገስት 25 ቀን 1867፣ መቅደላ ሊወድቅ ወራት ሲቀሩት፣ እዚያው አረፈ። ታላላቅ ሰዎች በሚቀበሩበት በዌስትሚንስተር አቤይ መቀበርን ስላልፈለገ ሃይጌት በተባለ መቃብር ስፍራ ያለ ግርግር ተቀበረ።

ለመምህራን አንድ ነገር እንበል። ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ጧፍ፣ ብርጭቆ፣ ማንኪያና አንድ እፍኝ ኖራ አያጣም። ኖራውን በውሃ በጥብጡት፣ ይስከን፣ ከላይ ያለውን ጥሩውን ውሃ ቅዱና ተማሪው በቱቦ ቀስ ብሎ ይተንፍስበት፤ ወደ አፉ እንዳይስበው ግን ተጠንቀቁ፣ ያቃጥላል፤ ዓይንም እንዳይነካ። ውሃው ሲነጣ ያየ ልጅ ምን ብሎ እንደሚጠይቃችሁ ስሙት። ጥያቄውን ከየት ሰፈር የመጣ፣ የማን ልጅ እንደጠየቀው ግን አትዩ።